ታዛቢዋ ትቀየርልኝ

መጀመሪያ ያየችው ሲያስታውክ ነበር።

ጠዋት ነው። ከሙከራ በረራ ወርዶ የኦክስጅን ጭምብሉን ከፊቱ ከማላቀቁ ጎንበስ አለና ያለ የሌለውን አወጣው። ያረፈውም ሌላ ቦታ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ በነበረው መዝገቧ ላይ ነው።

«ይቅርታ እህቴ...» አለ አፉን በእጅጌው እየጠረገ።

«በእጅጌዎ አይጥረጉ።»

«ታዲያ በምን ልጥረግ?»

«በምንም። እዚያው ይቁሙ፤ አይጠጉኝ።»

አፍንጫዋን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። እንግዲህ ትውውቃቸው ይኸው ነው።

ሴትዮዋ የበረራ ማኅበሩ ታዛቢ ነበረች። አንድ ሰው «ይህን ያህል ከፍታ ወጣሁ» ሲል፣ ከመነሣቱ በፊት የከፍታ መዝጋቢውን ሣጥን በቀጭን ሽቦ አስራ፣ በእርሳስ ብረት ቆንጥጣ የምታትመው እሷ ናት። ሲወርድም ማኅተሙ አለመነካቱን አይታ የምትከፍተው እሷ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «እሷ ከፈረመች አለቀ» ተብሎላታል። ትዳር አልቀናትም፤ ዘመድ አዝማድም አልበዛላትም። ያላት የታመነ ስም ነው፤ እሱን ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች።

ተጸያፊ መሆኗን አገር ያውቃል። ወንበር ላይ የምትቀመጠው «እፍ» ብላ አቧራውን ካራገፈች በኋላ ነው። የበረራ ሜዳው ሽማግሌ መካኒክ «ወይዘሪት እፍ» ብሎ ስም አወጣላት።

የአብራሪው ነገር ደግሞ ሁሉም የሚያስጸይፍ ሆነባት። ጃይሮፕሌን የምትባለው በራሪ መሣሪያው በር የላት፣ መስኮት የላት። አንድ ወንበር፣ ከኋላ ሞተር፣ ከላይ ነፋስ የሚያሽከረክረው ረጅም መቅዘፊያ፣ በቃ። «ወንበር ላይ የተተከለ ማራገቢያ» ይላታል መካኒኩ። በሷ ነው እንግዲህ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ማንም ወጥቶ ከማያውቀው ከፍታ ደርሶ ክብረ ወሰን ሊሰብር የተነሣው። ላይ ያለው ብርድ ቆዳ ይልጣል ብሎ ፊቱን ሞራ ይቀባል። ሞራው ከቤንዚንና ከላብ ጋር ሲደባለቅ ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

ግን የሰው ልብ አይታወቅም። ፈጣሪ ሲሠራው መክፈቻውን ለባለቤቱ አልሰጠውም።

አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሣጥኑን ልታትም ሄደች፤ እሱም እስክትጨርስ ያወራታል።

«ላይ ምን አለ?» አለችው አንድ ቀን፣ በአፍንጫዋ ላይ መሐረብ ይዛ።

«ምንም። ብርድ ነው። ጭምብሉ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ይሸተኛል።»

«ኤጭ። ታዲያ ለምን ይወጣሉ?»

«ድሮ አላውቀውም ነበር። አሁን ግን... ወርጄ የማወራው ሰው አገኘሁ።»

ሽቦው ከእጇ አመለጠ። መካኒኩ ከሞተሩ ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ወይዘሪት እፍ፣ የዛሬውስ እፍ እፍ ያለ ፍቅር መሰለኝ» አለ።

«ጋሼ፣ ግሪስዎን ይታጠቡ» አለችው፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

ድሮ ስታትም «እጄን ከስሕተት ጠብቀው» ብላ ትጸልይ ነበር። አሁን «እሱን ጠብቀው» ማለት ጀመረች። እንዲህ ማለቷን ልብ ስትል ደነገጠች።

ዋናው በረራ ሦስት ቀን ሲቀረው ደብዳቤ ደረሳት። አንድ መስመር ነው። «በአብራሪው ጥያቄ መሠረት በታዛቢነት ሌላ ሰው ተተክቷል።»

ሁለቴ አነበበችው። አሥራ አራት ዓመት አንድ ሰው እንኳ «ትቀየርልኝ» ብሎ አያውቅም። በመተላለፊያው ሰዎች ሲያዩዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። 

ጃይሮፕሌኗ ከምትቆምበት ሃንጋር ስትደርስ አብራሪው መቅዘፊያውን እየወለወለ ነበር።

«አላምናትም ብለው ነው ያስቀየሩኝ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ከወረድኩ በኋላ እነግርሻለሁ።»

በ«አንቺ» ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባላት።

«አንቺ አይበሉኝ። ያን ቀን መዝገቤ ላይ ያደረጉት ይሻል ነበር፤ እሱ ይታጠባል።»

ፊቱ ጠቆረ። ጥላው ሄደች።

በበረራው ቀን አልሄድም ብላ ምላ ነበር፤ ሄደች። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ራሷን ተጸየፈች። «የተተፋ ሰው ተመልሶ ይመጣል?» አለች በልቧ። ጃይሮፕሌኗ ተነሣች፣ ዝንብ አከለች፣ ጠፋች። አንድ ሰዓት አለፈ። ሞተሩ አይሰማም። መካኒኩ ቆቡን አውልቆ ጨመደደው። ሴትዮዋም ሳታውቀው «ጠብቀው፣ ጠብቀው» ትላለች። ቂምና ጸሎት ባንድ አፍ አይሆንም ይባላል፤ እሷ ግን ሁለቱንም ይዛ ቆመች።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ ጃይሮፕሌኗ ሞተሯ ጠፍቶ፣ መቅዘፊያዋን ነፋስ እያዞረው፣ እየተወዛወዘች ወረደች።

ሰዎች ሮጡ፤ ግን ሲቀርቡ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጭምብሉ ውስጥ አስታውኮ፣ ትውከቱ ሞራው ላይ ረግቶ፣ አፍንጫውን ደፍኖት ነበር። አዲሱ ታዛቢ አፉን ይዞ ዞረ። እሷ አጥሩን እንዴት እንዳለፈች አታስታውስም። ጭምብሉን አላቅቃ፣ ጣቷን አስገብታ አፍንጫውን ከፈተችለት። እየቀፈፋት፣ እያቅለሸለሻት፣ እንባዋ እየወረደ፣ በመሐረቧ ጠረገችው።

«ይተንፍሱ» አለችው። «በአፍዎ። እንዲያ።»

ታዛቢው ሣጥኑን ከፈተ። የነበረውን ክብረ ወሰን በዘጠና ሜትር አልፎታል። ጭብጨባ ሆነ። እሷ አላጨበጨበችም።

ያኔ የማኅበሩ ጸሐፊ አንድ ቅጽ አመጣላት። «እስኪወርድ እንዳላሳይሽ ለምኖኝ ነው» አለ።

«የታዛቢ ቅያሬ ምክንያት» በሚለው ሥር የአብራሪው ጽሑፍ አለ፦ «ደንቡ ዘመድ ለዘመዱ አይታዘብም ይላል። እስካሁን ዘመዴ አይደሉም። እንዲሆኑልኝ ልጠይቃቸው አስቤአለሁ።»

ቀና አለች።

«ለምን አልነገርከኝም?» እሷም «አንተ» አለችው።

«ሊሞት የሚችል ሰው ሲጠይቅ እምቢ ማለት ይከብዳል። በእዝነት እሺ እንድትዪኝ አልፈለግኩም።»

«ሥራዬን ግን ሳትጠይቀኝ ወሰድክ። ሦስት ቀን ሰው እንደ ሌባ ሲያየኝ ከረመ።»

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ያን አላሰብኩትም። ‹ዝምድና የለም› ብለሽ ጻፊ፤ ማኅተሙ ካንቺ ጋር ይቀራል። ሁለተኛ አላነሣብሽም።»

«እውነቱን ነው» አለ ጸሐፊው። «ዝምድና ካለ ግን የማኅበሩ አባል ቤተሰብ የሆነ ለማንም በረራ ማኅተም አይይዝም። ደንብ ነው።»

እስክሪብቶውን አነሣች። አሥራ አራት ዓመት ያላጣራችው ነገር ላይ ፈርማ አታውቅም። ስለዚህ አጣራች። ፊቱን አየች፤ አሁንም ይቀፋል። ከሱ ግን ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

«ዝምድና» በሚለው መስመር ላይ «እጮኛ» ብላ ጻፈች። ፈረመች። የማኅተም መቆንጠጫውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለጸሐፊው አስረከበች። እጇ ቀለላት፤ መቅለሉም ከፋት።

«ሥራዬን የወሰድክብኝን አልረሳልህም» አለችው።

«አትርሺ።»

«ሸምግለህም እነግርሃለሁ።»

«ንገሪኝ» አለ፣ እየሳቀ፣ እያለቀሰም። «እስክንሸመግል በየቀኑ ንገሪኝ።»

«አሁን ተነሥ፤ ትሸታለህ» አለችና ክንዱን ደግፋ ወደ ቧንቧው ወሰደችው።