የነዳ ይሙላ

የጋራዥ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ዓለምሰገድ በጋራዣቸው ውስጥ፣ በማኅበራቸው መኪና፣ መሪው ላይ እንደተደፉ ጭስ ገደላቸው ተባለ። «ተባለ» ማለቱ ይሻላል፤ ምክንያቱም መርማሪዋ መቶ አለቃ ሙሉነሽ ከቦታው ስትደርስ ነገሩ ሁሉ ተወስኖ፣ በታይፕ ተመትቶ፣ ማኅተም አርፎበት ነበር የጠበቃት። የጎደለው የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶታል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ገርጂ ኖራ ያልተቀባ ግድግዳ አይገኝም፤ ጭቃው እንኳ ቢችሉ ኖሮ በተቀባ ነበር። የጋራዡ ማኅበርም የድርሻውን አድርጓል። የኋላው ግድግዳ ሐሙስ ዕለት ተቀብቶ ነጭ ሆኗል፤ በሩ ላይ ቀይ መፈክር ተሰቅሏል። ከመፈክሩ ሥር፣ ሟቹ በገዛ እጃቸው በወፍራም ቀለም የጻፉት አለ፦ «የነዳ ይሙላ»።

የከፍተኛው ካድሬ ጓድ ሽፈራው አዲስ ካኪ ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ወረቀቱን ዘረጋላት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

ሙሉነሽ አነበበች። መካኒኩ ገብረዋሕድ የመኪናዋን ሞተር ሆን ብሎ በማበላሸት በፈጸመው አሻጥር ሊቀመንበሩ በጭስ ታፍነው ሞተዋል፣ ይላል። ገብረዋሕድ ራሱ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ጺሙ የሸበተ፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ዘይት ዕድሜ ልኩን የማይለቅ ሰው ነው። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ከነጠብመንጃቸው ከጎኑ ቆመዋል።

«አስከሬኑን ሳላይ ልፈርም?»

«ምን ይታያል? መኪናዋ ዘይት ትጠጣለች። ይኼ ሰው ጠገንኳት ካለ ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ አሁንም ትጨሳለች። ሞተሩን ማን ነካ? እሱ። በጭሱ ማን ሞተ? ሊቀመንበሩ። ስድስት ሰዓት ላይ ይዤው እሄዳለሁ።»

ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችም። በዚያ ዘመን እንዲህ የተወሰደ ሰው፣ ሚስቱ ስንቅ ቋጥራ ከበር በር ትዞራለች እንጂ የሚቀበላት አታገኝም። ሙሉነሽ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ስድስት ሰዓት ለመሆን ገና አራት ሰዓት ይቀራል» አለችና ገባች።

መኪናዋ አሮጌ ነጭ ፔጆ ናት፤ የማኅበሩ ሰዎች «አጫሿ» ይሏታል። ሁልጊዜ በኋላዋ ነው የምትገባው፤ የጭስ ማውጫዋ ከኋላው ግድግዳ አንድ ክንድ አይርቅም። ሙሉነሽ መጀመሪያ ሟቹን አየች። መንጋጋቸው ደርቋል፣ ክንዳቸው አልታጠፍ ብሏል፤ ሰውነታቸው በረዶ ነው። ባርኔጣቸውን ቀስ ብላ አነሳች። ከጆሯቸው ኋላ ያበጠና ደም የደረቀበት ቦታ አለ።

«ዞሮባቸው ከኮፈኑ ጋር ተጋጭተው ይሆናል» አለ ሽፈራው ከኋላዋ።

«ይሆናል» አለች። ተጋጭቶ ባርኔጣውን በልኩ የሚያጠልቅ ሰው ግን አይታ አታውቅም።

ከዚያ ግድግዳውን አየች። አዲሱ ኖራ ላይ፣ በጭስ ማውጫው አንጻር፣ የሻይ ሰሐን የምታክል ጠቆር ያለች ነጠብጣብ አለች። ብዙ ቆማ ተመለከተቻት። የሙሉነሽ አባት ከቤንዚኑ ይልቅ ዘይቱን የምትወድ ሰይቼንቶ ታክሲ ነጂ ነበር። በልጅነቷ የግቢያቸውን አጥር በየሳምንቱ የምታጥብ እሷ ነበረች፤ ጥቀርሻው በሳሙናም አይለቅም። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር የት እንደቆመና ምን ያህል እንደቆየ ግድግዳ አይደብቅም።

ኮፈኑን ከፈተች። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስባ አየችው። እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ ነው። ባትሪው ሥር ደግሞ ተጨማድዶ የተወሸቀ፣ ዘይት የተጠረገበት ወረቀት አገኘች። ዘርግታ አየችውና ማንም ሳያይ ከሽፈራው ወረቀት ጎን አኖረችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኙትን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋን እትዬ አሰገደችን ነው። ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል።

«አንድ ሰዓት ላይ ስመጣ ሞተሩ ይንኳኳል። በሩን ስከፍተው ጭሱ እንደ ጉም ወጣ። በነጠላዬ አፌን ይዤ ገብቼ አጠፋሁት። እሳቸውማ… ምን ልበልሽ ልጄ።»

«ማታ መኪናዋ እንዴት ነበረች?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብረዋሕድ ዘይቷን ለካና እታችኛው ምልክት ደርሷል አለ። እኔ ጋ ደግሞ ጠብታ የለም፤ ኮታችን ሰኞ ነው የሚመጣው። እስከ ሰኞ ማንም እንዳይነካት ተባለ። ቁልፏ ያለው እሳቸውና ሾፌሩ ኣምደሚካኤል ጋ ነው።»

«ያ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍስ?»

እትዬ አሰገደች በእንባቸው መሐል ፈገግ አሉ። «እሱማ ሕጋቸው ነው። ያችን መኪና ነድቶ የመለሰ ሰው፣ ዘይቷን ለክቶ የጎደለውን ሳይሞላ መውጣት የለም። ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት እሱን ነበር። ስምንት ዓመት ጨቀጨቁን። ጓድ ሽፈራው ብቻ ነው ምንም የማይባለው፤ ይወስዳታል፣ ደርቃ ይመልሳታል።»

ገብረዋሕድ ጋ ስትደርስ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ጋሽ ገብረዋሕድ፣ ይቺ መኪና ከጠገኗት በኋላ ለምን ትጨሳለች?»

«ማን ያምነኛል?»

«ይሞክሩኝ።»

«የፒስተኑ ቀለበት አልቆ ነበር። ዘይቱ ሾልኮ የሚቃጠለው በዚያ ነው። አዲስ ቀለበት ታዘዘ፣ ኣምደሚካኤል ከአውሮፕላን ማረፊያ ተረክቦ አመጣ። ስፈታው ያገለገለ ነው፤ በናፍጣ አጥበው በወረቀት ጠቅልለውታል። ለዓለምሰገድ ብቻ ነገርኩት። ‹ዝም ብለህ ግጠመው፤ አዲሱን የዋጠውን እኔ አገኘዋለሁ› አለኝ። ትናንት ማታ ስንለያይ ‹ደርሼበታለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«ይህን ለምን አልተናገሩም?»

«በኔ ስም? በዚህ ዘመን?» አለና ወደ ጠብመንጃዎቹ በአገጩ አመለከተ። «እጄ ታሰረ እንጂ ሥራዬ አልተበላሸም፣ የኔ ልጅ። ይህን ብቻ ጻፊልኝ።»

ሾፌሩ ኣምደሚካኤል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሳቂታና ተወዳጅ ሰው ነው። ዛሬ ግን እጁን የሚያኖርበት ጠፍቶታል።

«ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣሁ። ላምበረት ነው ቤቴ። ዝናቡ ያዘኝ፣ ገብቼ ተኛሁ። እስከ ጧት ደጅ አልወጣሁም።»

«መኪናዋን አልነካህም?»

«ኧረ እመቤቴን! ዘይት የላትም ተብሎ?»

ሙሉነሽ አመስግና ለቀቀችው። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ አንድ ቆርቆሮ ኖራ አስቀብታ አደረቀችና ከጭስ ማውጫው ኋላ፣ በግድግዳው ልክ አቆመችው። በሩን ሁሉ አስከፍታ ሞተሩን አስነሳች። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው።

«የሕዝብ ቤንዚን እያባከኑ ነው!» ብሎ ጮኸ ሽፈራው።

«በኔ ስም ይመዝግቡት» አለች ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የማኅበሩ አባላት ሥራቸውን ጥለው በሩ ላይ ተኮለኮሉ። ውጭ የሽፈራው ላንድሮቨር ሞተሯን አስነስታ ትጠብቃለች።

«የቀረበልኝ ወረቀት፣ አቶ ዓለምሰገድ ሌሊቱን በሩን ዘግተው ሞተር ሲሞክሩ ጭስ ገደላቸው ይላል» ብላ ጀመረች። «እንግዲያው ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ቆርቆሮ እዩ። በሃያ አምስት ደቂቃ ይህን ያህል ጠቆረ። አሁን ግድግዳውን እዩ።»

ሁሉም ዞረው አዩ። ሁለቱ ነጠብጣቦች በስፋትም በጥቁረትም እኩል ናቸው።

«ሌሊቱን ብትሠራ ኖሮ ይህ ኖራ ከሰል ይመስል ነበር። እትዬ አሰገደች አንድ ሰዓት ላይ አጠፏት፤ ስለዚህ የተነሳችው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጧት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ግን ሟቹ ደርቀው በረዶ ሆነው ነው ያገኘኋቸው። ከሞቱ ሌሊቱ አልፏል። የሞተ ሰው መኪና አያስነሳም። ሞተሩን ያስነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ጭሱም ማንንም አልገደለም። ከጆሯቸው ኋላ የመታቸው ሰው ነው የገደላቸው።»

ማጉረምረም ተነሳ። ሽፈራው አንገቱን አሻሸ።

«ታዲያ ይኼው መካኒክ መቷቸው እንደሆነስ?»

«ወደዚያ እየመጣሁ ነው። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዘይቱ ልክ ታች ነበር። ዛሬ ሙሉ ነው። ግምጃ ቤቱ ደግሞ ባዶ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ማታ ወጥታለች፤ ከውጭ ዘይት ይዛ ተመልሳለች፤ የመለሳትም ሰው ለክቶ ሞልቷታል። የት እንደነበረች ደግሞ ዘንጉ የተጠረገበት ወረቀት ይነግረናል።» ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው። በዘይቱ መሐል ቀይ ኮከብና «አሥረኛ ዓመት» የሚል ይታያል።

ሽፈራው ፊቱ ተለዋወጠ። «ማነው የአብዮቱን በራሪ ወረቀት ለዚህ ያዋለው? ማን ደፈረ?»

«እስቲ ይርዱኝ። የት ነው የተበተነው?»

«ላምበረት ነዋ! ትናንት ማታ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እኔ ራሴ ቆሜ አስበተንኩ! ከማተሚያ ቤት የወጣው ማታ ነው፤ በሌላው ሰፈር ገና ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበተነው!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በአብዮቱ እምላለሁ!»

«አመሰግናለሁ። ይህን ቃልዎን እጽፈዋለሁ።» ሙሉነሽ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ቁልፍ ያላቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሞተዋል። ጓድ ሽፈራውም መኪናዋን ይወስዳታል፤ እሱን ግን አልጠረጠርኩም። በዕድሜው የዚችን መኪና ዘይት ሞልቶ አያውቅም።»

ከበሩ ላይ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሽፈራው ማን እንደሳቀ ዞሮ ፈለገ፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ኣምደሚካኤል» አለች ሙሉነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከቤቴ አልወጣሁም ብለኸኛል።»

ሾፌሩ በሩ ላይ የተጻፈውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ቀለበቱን ለአንድ የጭነት መኪና ባለቤት ሰጥቼው ነበር። ሊቀመንበሩ ደረሱበት። ማታ ወደ ቤቴ ልሄድ ስል እዚሁ ያዙኝና ‹ተነስ፣ ሰውዬው ጋ ውሰደኝ› አሉ። ላምበረት ስንደርስ መጀመሪያ ከጭነት መኪና ነጂዎቹ ዘይት አስለመኑኝ፤ ጠርሙሱን ራሳቸው ታቅፈው ተቀመጡ። ‹ነገ ጧት በሁሉም ፊት ለገብረዋሕድ ትናገርለታለህ› አሉኝ። ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ማኖቬላው፣ የሞተር ማስነሻው ብረት፣ እግሬ ሥር ነበር። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ መለስኳቸው። ሌሊት ባስነሳት የቀበሌው ዘቦች ይሰማሉ ብዬ እዚሁ አድሬ ጧት አስነሳኋት።»

«ዘይቱንስ ለምን ሞላኸው? ባትሞላው ኖሮ ይህን ወረቀት አላገኝም ነበር።»

ኣምደሚካኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«መሪው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጥዬ ልሄድ ስል… ሳልሞላ ብሄድ የሚቆጡኝ መሰለኝ።»

እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እሪ አሉ። ገብረዋሕድ ዓይኑን ጨፈነ።

ሽፈራው ጉሮሮውን ጠረገ። «መልካም። ግን ለበላይ አካል አሻጥር ነው ተብሎ ተነግሯል። የተነገረ አይመለስም። ሁለቱንም እወስዳለሁ። ወረቀቱን ይፈርሙልኝ።»

ሙሉነሽ ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። ወደ መኪናዋ ሄዳ ኮፈኑን አነሳች፤ ዘንጉን ሳበች። ወረቀቱን አጠፈችና ዘንጉን ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙ ላይ አድርጋ ጠረገችው። መልሳ ከትታ እንደገና አወጣችና ለሁሉም ከፍ አድርጋ አሳየች። ሙሉ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ለካድሬው መለሰችለት።

«ፈርሜያለሁ።»

«ምን እንዳደረጉ ያውቁታል?»

«አሳምሬ። ስሜ ሙሉነሽ ወልደጻድቅ ነው፤ ሲከሱኝ እንዳይሳሳቱ። ገዳዩ የፖሊስ እስረኛ ነው። በሪፖርቴ ላይ ደግሞ፣ ገዳዩን በቃለ መሐላ ያጋለጠው ጓድ ሽፈራው ነው ብዬ እጽፋለሁ። ጋሽ ገብረዋሕድን ከወሰዱ፣ በአብዮቱ በሐሰት ምያለሁ ማለትዎ ነው። ይምረጡ።»

መልስ አልጠበቀችም። ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ቢላ አንስታ የገብረዋሕድን ገመድ ራሷ ቆረጠችው። አብዮት ጥበቃዎቹ ካድሬውን አዩ። ካድሬው ወረቀቱን አየ። በሩ ላይ የተኮለኮሉት አባላት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ።

ላንድሮቨሯ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ያለ እስረኛ ወጣች። ሽፈራው ከፊት ተቀምጦ፣ ዘይቱ አዲሱን ካኪ እንዳይነካበት ወረቀቱን በሁለት ጣቶቹ በመስኮት አንጠልጥሎ ይዞ ነበር። ገብረዋሕድ የተላጠ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ መኪናዋ ቀረበ፤ ሙሉነሽ ክፍት የተወችውን ኮፈን ዝቅ አድርጎ ዘጋው።

«ሰኞ እፈታታለሁ» አለ። «አዲሱን ቀለበት ከወሰደው ሰው አምጡልኝና፣ ዳግመኛ አትጨስም።»