ሁዳዴ የያዘው በግ

«በጋችሁም እንደ እናንተ ሁዳዴ ያዘ እንዴ?» አለች የጎረቤት ልጅ ሀቢባ፣ በአጥሩ ክፍተት አንገቷን አስግጋ።

ሰገነት አልሳቀችም። ለፋሲካ የተገዛው በግ ሣር አልቀምስ ካለ አራተኛ ቀኑ ነው። ከደልጊ በጀልባ ሲመጡ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛውን ባለፈው ሳምንት አክስቷ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ የቀረው ቆሞ ሲጮህ ነው የሚውለው።

አባቷ አቶ ቢያዝን ከፋብሪካ ፈረቃው ሲመለስ የበጉን ጆሮና ሆድ ዳሰሰ።

«ምንም አላመመው። በግ ብቻውን አይሆንለትም። ልጅ ሆኜ ስጠብቅ፣ ከመንጋ የተነጠለ በግ ሲከሳ እንጂ ሲሰባ አላየሁም።»

ገመዱን ፈትቶ ከነሀቢባ ፍየሎች ጎን አሰረው። በማግስቱ ጠዋት በጉ ከፍየሎቹ ጋር እየተሻማ ይበላ ነበር። ሰገነት ደስ ብሏት ቁማ ስታየው፣ እናቷ ሸዋዬ ትናንት በሌላው ጎረቤት አጥር ሥር ያስቀመጠችውን ሳህን ይዛ ተመለሰች። ሽሮው ደርቋል፤ እንጀራው አልተነካም።

ሳህኑ የተላከው ለዚያ ጎረቤት ለአባባ መርስዔ ነበር። ዓባይ ማዶ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ ደጃቸው እንግዳ የማያጣ ሽማግሌ ነበሩ። አምና ልጃቸው አንዳርጋቸው ከብሔራዊ ውትድርና ኮብልሎ መንግሥት «ወንበዴ» ወደሚላቸው አማጽያን ገባ ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ «የወንበዴ አባት» ብሎ ስማቸውን ጠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃፋቸውን የረገጠ ሰው የለም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርምሮ ምንም በሽታ አላገኘባቸውም፤ እሳቸው ግን ከስተው ቀበቷቸውን በሚስማር ሦስት ጊዜ በስተው አጥብቀዋል።

«አጥብቀው ይጾማሉ፤ ሁዳዴ ነው» አለች ሸዋዬ፣ ልጇን ሳታይ።

«የጥምቀት ዕለትም አልበሉም እኮ፣ እማዬ። ብቻቸውን ስለሆኑ ነው። ልግባና አብሬያቸው ልብላ።»

ጫማውን ሲያስር የነበረው አባቷ ቀና አለ። «እዚያ ቤት እንዳትገቢ ብያለሁ! ነገ ስሜን ቢጽፉት ማን ያበላችኋል?»

«ለበጉ አዝነህ ጓደኛ ፈለግህለት» አለች ሰገነት።

አባቷ ወደ ጫማው ጎንበስ አለ። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ሳተው። ሰገነት ተናደደችበት፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘናት። ፈሪ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ያደረገው ይህ ዘመን ነው።

በበነጋው ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ እናቷ ሳህኑን ሰጠቻት። ደንቡ አጥሩ ሥር አስቀምጦ፣ ሳል ብሎ መመለስ ነው። ሰገነት እዚያው ደርሳ ጎንበስ አለች፤ መልሳ ቀና አለች። ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው ጥበቃ ዓምደ ሚካኤል ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ያየውን ሁሉ ሪፖርት እንደሚያደርግ ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ዞራ በዋናው በር ገባች።

«ማነሽ?» አሉ ሽማግሌው ከመደቡ ላይ።

«ሰገነት ነኝ፣ አባባ። የቢያዝን ልጅ። አብሬዎት ልበላ መጣሁ።»

አባባ መርስዔ በመደቡ ላይ ቀና አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሻገተ ነበር፤ ለካ ድምፅም ካልሠሩበት ይበላሻል።

«ምግብ መች አጣሁ፣ ልጄ? እናትሽ አላጓደለችብኝም። ብቻዬን ስቆርሰው ግን አልዋጥልኝ አለ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ፈርቼ እጄን ሰበሰብሁ።» ከዚያ ወደ ደጁ ተመለከቱ። «በሩን ዝጊው። ያዩሻል።»

ሰገነት ዞር አለች። ዓምደ ሚካኤል ከተቀመጠበት ተነሥቷል። ማሰሪያውን የሳቱት የአባቷ ጣቶች ትዝ አሏት። በሩን ለመዝጋት አንድ ርምጃ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።

በሩን ሳትነካ ውኃ ቀድታ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። የራሷንም ታጠበች፤ ከጎናቸው ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሰቻቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው አላመጡ፤ ዋጡት። ቀጥለው በራሳቸው እጅ ቆረሱ።

ከውጭ የቦት ጫማ ኮቴ ጠጠሩን እየረገጠ ቀረበ።

«በሩን፣ ልጄ...»

«ይብሉ፣ አባባ» አለች ሰገነት፤ እጇን መልሳ ወደ ሳህኑ ሰደደች።