ታንከሩ ሲሞላ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ነዳጅም ጠፋ። ሰው ጀሪካን አንጠልጥሎ ማደያ በር ላይ ይውላል፤ ከቀናው ትንሽ ይዞ ይመለሳል። መለዋወጫ ከሱቅ ስለጠፋ ጋራዦች አንዱን መኪና እየገፈፉ ሌላውን አለበሱ። ሆድም እንደ ታንከሩ ባዶውን ያድር ነበር።

ባለታክሲው የሞተው ያኔ ነው። ሐዲድ ሲያቋርጥ መኪናው መሐል ላይ ጠፋበት። የሐዲዱ ዘበኛ «ውረድ!» እያለ ሲጮህበት፣ እሱ ቁልፉን እየጠመዘዘ «አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል» ይል ነበር። ባቡሩ አልጠበቀውም።

ጥርጣሬው መካኒኩ ላይ አረፈ። በዚያው ሳምንት የታክሲውን የነዳጅ ማጣሪያ የቀየረው እሱ ነው። «አሮጌ ማጣሪያ አስገባህልኝ» ተብሎ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅም ሰፈሩ ሰምቷል። አሰሩት።

በካቴና ወደ ገዛ ጋራዡ ሲመልሱት ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ታክሲው የሾፌሩ በር ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ ወለሉ ላይ ቆሟል። የተረፈው ሞተሩ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት መንገዱን ጎርፍ በዘጋው ዕለት የመካኒኩ ሚስት ምጥ ይዟት ስትጮህ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል በዚህች መኪና ሐኪም ቤት ያደረሳት ሟቹ ነበር። መካኒኩም «ይህን ውለታ ሳልከፍልማ አልሞትም» ብሎት ነበር። ዛሬ ገዳዩ ተብሏል። አላለቀሰም እንኳ፤ ማን አምኖ ያስለቅሰዋል?

መርማሪዋ አጭር፣ ሽበታም ሴት ነበረች። «ካንዴላዎቹን ፍታልኝ» አለችው።

«በካቴና?»

«ጣትህ አልታሰረም።»

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ዕቃዎች ከሞተሩ ፈታቸው። ጠቁረዋል፤ ርሰዋል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ። እሷም አንድ በአንድ አሸተተቻቸው።

«ማጣሪያህ ተደፍኖ ነው ይላሉ።»

«ቢደፈንማ ነዳጅ አጥተው ደረቅ ይሆኑ ነበር። ይሄ ነዳጅ በዝቶበት የታነቀ ነው።»

የሟቹን ታናሽ ወንድም አስጠራች። ሲሚንቶ የሚያመላልስ የፒክአፕ ሾፌር ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር አመድ መስሏል። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«የወንድምህ መኪና ሐዲድ ላይ ጠፍቶ አልነሳ አለ» አለችው።

«ታንከሩን ሞልቶት ነበር እንዴ?» አለ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጋሼን የበላው ይሄ መካኒክ ነው።»

ቀጥሎ የማደያው ቀጂ መጣ። «ቤንዚኑን በውሃ በርዘሃል ይሉሃል» አለችው።

«ውሃስ የት ተገኝቶ? እሱም ጠፍቶ የለ እንዴ?» አለ ቀጂው። «ከዚያው ማሽን የቀዳ አምቡላንስ ይኸው ሲሮጥ ይውላል። ያን ዕለት ነዳጅ ገባልንና ጋሼ እናቱን ወደ ዓይን ሐኪም ሊወስድ እስከ አፉ አስሞላኝ። ዓመቱን ሙሉ በጀሪካን ሲቀዳ ነው የኖረው።»

መርማሪዋ ኮፈኑ ስር ጎንበስ ብላ ከታንከሩ የመጣውን ቀጭን ቱቦ በጣቷ ተከተለች። አንዲት ክብ ቫልቭ ላይ ቆመች።

«ይህችስ?»

«የታንከሩን ትነት ለሞተሩ የምታሳልፍ ናት። ሞተሩ ሲስባት ትከፈታለች፤ ካልሳባት ትዘጋለች።»

አስፈትታ በአፏ ነፋችባት። አየሩ በወዲያኛው ጫፍ ወጣ።

«ሞተሩ ሳይስባትም ክፍት ናት» አለች።

መካኒኩ የቱቦውን ማሰሪያ አየና ደነገጠ። «ይሄን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም። እጅ ስለሚቧጥጥ ብሎኑን ሁሌ ወደ ታች ነው የማዞረው። ሌሎቹን ይዩ።»

አየች። ሌሎቹ ሁሉ ወደ ታች ዞረዋል፤ የዚች ብቻ ወደ ላይ። በጥፍሯ የቫልቯን መጋጠሚያ ስትፍቅ ግራጫ ዱቄት መሐረቧ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዓይኗ የፈዘዘው የሟቹ እናትም ተደግፋ መጣች።

«ካንዴላዎቹ ርሰዋል» አለች መርማሪዋ፤ «ስለዚህ ማጣሪያው አልተደፈነም። ሌሎች መኪኖች በዚያው ቤንዚን ሄደዋል፤ ስለዚህ ውሃም የለበትም። ጥፋቱ የዚች ቫልቭ ነው። ተከፍታ ቀርታለች። ታንከሩ ጎዶሎ ሲሆን አታስታውቅም። እስከ አፉ ሲሞላ ግን ከትነቱ ጋር ቤንዚኑም ይሳባል፤ መኪናው ቀስ ሲል ይታነቃል።» ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞረች። «ሰው ሁሉ ስለ ባቡሩ ነበር የጠየቀኝ። አንተ ብቻ ስለ ታንከሩ ጠየቅህ። ቫልቯም ሲሚንቶ ለብሳለች፤ ይህ በሽታ የነበረበት መኪና ያንተ ነው።»

«የፒክአፑን ኮፈን ክፈት» አለችው መካኒኩን፣ ወንድምየው ደጅ ወዳቆመው መኪና እያመለከተች።

ሞተሩ በሲሚንቶ ለብዷል። መሐሉ ላይ አንዲት ዘይት ያጠቆራት ቫልቭ አለች፤ ጠርዟ ላይ ቀይ ነጥብ። ሌባ እንዳይለውጠው እያለ ያደሰውን ዕቃ ሁሉ መካኒኩ የሚቀባው ቀለም ነው።

«የጋሼ ናት፤ እኔ ነኝ ያደስኳት» አለ መካኒኩ።

«አሠሪዬ ታንከሩን ባስሞላልኝ ቁጥር ይጠፋብኝ ነበር» አለ ወንድምየው። «አባርርሃለሁ አለኝ። ዕቃው ከየት ይምጣ? ጋሼ መቼም አይሞላም ብዬ ለወጥኩት። ልመልስለት ነበር እኮ።»

እናትየው ድምፁ ወደመጣበት ዞረች።

«ብትጠይቀው ይሰጥህ ነበር» አለች።

መርማሪዋ «መስረቅህ አንድ ነው» አለችው። «ይሄ ሰው ሲታሰር ዝም ማለትህ ሌላ ነው።» ካቴናውን ከመካኒኩ ፈትታ ለሱ አጠለቀችለት።

መካኒኩ አንጓውን እያሸ አሮጊቷ አጠገብ ተንበረከከ።

«እማማ፣ የዓይን ሐኪሙስ?»

«ማን ወስዶኝ፣ ልጄ?»

መርማሪዋን አያት። የፒክአፑን ቁልፍ ወረወረችለት። «ማስረጃ ነው። ስትመለስ ጣቢያ ታቆመዋለህ።»

አሮጊቷን አሳፍሮ ማደያው ጋ ሲደርስ ቀጂው ሳይጠየቅ እስከ አፉ ሞላለት። መካኒኩ ቁልፉን አዞረ። በአንዴ ተነሳ። ሐዲዱ ዳር ሲደርስ ቆመ፤ ዘበኛው እለፍ ብሎ እጁን እስኪያነሳ ጠበቀ። ሞተሩ አንዴም አልተንገጫገጨ።

«ምን ልክፈልህ፣ ልጄ?» አለችው እናትየው።

«ልጅዎ ድሮ ከፍሎታል» አለና ሐዲዱን ተሻገረ።