ትሪ ሙሉ ከዋክብት

ከዋክብትን በየስማቸው የሚጠራ አምላክ ዘመናትን ሁሉ ያውቃል፤ በመጋቢት ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. በጅጅጋ የሆነችውን ይህችንም ትንሽ ነገር አይዘነጋትም።

ዓሻ በትምህርት ቤቱ ትርኢት ልምምድ፣ በመጨረሻው ቃል ላይ እንደገና ተደናቀፈች። ልጆቹ ሳቁ።

«ተዉት፣ እኔው እለዋለሁ» አለች እሌኒ። ማታ ትርኢቱን ወላጆች ያዩታል፤ አባቷም ከሚሠሩበት ከደወሌ ጉምሩክ ፈቃድ ወስደው መጥተዋል።

ዓሻ ኩራዟን አቀበለቻት። «ኩራዜንም ወሰድሽ፣ ቃሌንም ወሰድሽ። አቦ፣ ስሜንም ጨምሪው!»

ሰሞኑን ሬዲዮ በደቡብ ሰማይ አንድ ግዙፍ ኮከብ መፈንዳቱን ስላወራ፣ ትርኢቱን ያሰናዱት የሳይንስ መምህሩ ዘነበ ነበሩ። ተማሪዎቹ ኩራዝ ይዘው ከዋክብት ይሆናሉ፤ እሌኒ ትሪ ይዛ መሐል ትቆማለች፤ የሚጋጫት ሁሉ ኩራዙን ለእርሷ ትቶ ይወጣል።

«ከዋክብት በተጨናነቁበት ዘለላ» አሉ መምህሩ፣ «ትልቁ ኮከብ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ወደ ራሱ ይስባል፤ አንዳንዴም ጎረቤቱን እየዋጠ ይገዝፋል። የገዘፈ ግን ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል፤ እምብርቱ ይደረመሳል፣ ይፈነዳል።»

እሌኒ ወደ ዓሻ ዘወር አለች። ዓሻ አላየቻትም።

ሲመሽ ግቢው በሰው ሞላ። ኩራዞቹ አንድ በአንድ ትሪው ላይ ተደረደሩ፤ ሙቀታቸው የእሌኒን ፊት ገረፈው። አባቷ ከፊት ወንበር ፈገግ አሉ። ብርሃኑ ሁሉ የእርሷ ነበር፤ የቀረው የዓሻ ቃል ብቻ ነው።

ኩራዞቹን እፍ አለቻቸው። ግቢው ጨለመ። ትሪውን አስቀምጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ ወደ ቆመችው ዓሻ ሄደችና ከኪሷ ክብሪት አውጥታ በመዳፏ አኖረችላት።

«ቃሉ ያንቺ ነው።»

«ዋላሂ፣ ይጠፋብኛል!»

«ከጠፋብሽ በሶማሊኛ ጨርሺው። የሚሰማሽ ሞልቷል።»

ክብሪቱ ጫር አለ። «ከፈነዳው ኮከብ» አለች ዓሻ፣ «የተበተነው ብናኝ... ለሚወለዱት ከዋክብት ስንቅ ይሆናል።» ኩራዞቹን እያበራች ለየባለቤቶቻቸው መለሰች። ከኋላ የተቀመጡት እናቷ እልል አሉ።

«ቃሉን የተናገረችው ማን ናት?» አሉ የእሌኒ አባት ወደ ቤት ሲሄዱ።

«ዓሻ ናት፣ አባባ። ነገ ቤት ላምጣት?»

«አምጫት እንጂ!»

አንባቢ ሆይ፣ የቤትህን መብራት እግዚአብሔር አያጥፋብህ፤ ለጎረቤትህም የሚተርፍ ያድርግልህ።