የለንደን ሰዓት

«ይኸውላችሁ፣ ያ ስብሰባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይላል» አለ ኦታር ስልኩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ። በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም የተሰበሰቡት ወላጆችም የየራሳቸውን ስልክ አወጡ። ሁሉም ላይ አንድ ሰዓት ይላል። ሱኒቫ ከዋፍል መጋገሪያው ጀርባ ቆማ ስልኳን ከኪሷ አላወጣችም። የእሷም አንድ ሰዓት እንደሚል ታውቃለች። ለምን እንደሚል የሚያውቁት ደግሞ እሷና ጓደኛዋ ማይከን ብቻ ናቸው።

የትንሿ የኖርዌይ ደሴት ካላንደር የሱኒቫ ሥራ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ባንድ ብላ የጀመረችው ድረ ገጽ ነው። ሰው አንዴ ከስልኩ ጋር ካገናኘው፣ እሷ እዚያ የምትጽፈው ሁሉ፣ የባንዱ ልምምድ፣ የጋራ ጽዳቱ፣ የሐኪሙ ጀልባ የሚመጣበት ቀን፣ በራሱ ስልኩ ላይ ይወርድለታል። እሷ ስትለውጠው እዚያም ይለወጣል። ሰዉ በጣም ከመልመዱ የተነሣ ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ቀረ። ባንዱን ከአባቷ ልጅነት ጀምሮ የሚመራው ኦታር ራሱ «ከእንግዲህ ማስታወስ የሱኒቫ ሥራ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ከጠራው ከዚያ ስብሰባ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ የካላንደሩን ኮድ ላሳምረው ብላ እንደ አዲስ ጻፈችው። ዓይን ሊኩሉ ሲሉ ማጥፋት ማለት ይኸው ነው። ከሰዓቱ ቁጥር ኋላ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ጨመረች፤ ዜድ። ይህች ፊደል ስልኮቹን «ሰዓቱ የለንደን ነው» ትላቸዋለች። ለንደን ደግሞ ከኖርዌይ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስልኮቹ ታዛዥ ናቸውና የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ስብሰባ ወደ አንድ ሰዓት ገፉት። የባንዱንም ልምምድ ገፍተውት ነበር፤ እሱን ግን ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው ማንም ልብ አላለም።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ በሚለው ላይ ሕዝቡን ለመስማት በጀልባ መጡ። በሰዓታቸው ተቀመጡ፣ ባዶ ወንበር ሲያዩ ቆዩና በመጨረሻዋ ጀልባ ተመለሱ። ደሴቷ በሙሉ፣ ባንዱ ከነጥሩምባው፣ ሕፃናቱ ከነፋኖሳቸው ዳገቱን ሲወጡ የጀልባዋ መብራት ከወደቡ እየራቀ ነበር። ነፊዎቹ የሚያደርጉት ግራ ቢገባቸው አንድ ዜማ ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት። ብዙም ሳይቆይ ውሳኔው መጣ። ነዋሪው ፍላጎት ስላላሳየ ትምህርት ቤቱ ከሰኔ በኋላ ይዘጋል። የሱኒቫ ታናሽ እህት ይልቫ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ቦርሳዋን ካሁኑ አንግባ ቤት ውስጥ ትዞራለች። እንግዲህ በጨለማ ባሕር ተሻግራ ልትማር ነው።

ሱኒቫ ጥፋቷን ለማይከን ብቻ ነገረቻት። ማይከን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት፣ የማዘጋጃ ቤቱ ድረ ገጽም መጀመሪያ አንድ ሰዓት ይል እንደነበር፣ ኋላ እንደቀየሩት፣ በዓይኗ እንዳየች ለሰዉ ሁሉ አወራች። ተስፋ ቆርጦ የነበረው ደሴት ነፍስ ዘራ። ዛሬ የተሰበሰቡትም ለክፍለ ሀገሩ አቤቱታ ሊጽፉ ነው።

ማይከን የሱኒቫን እጅ ይዛ ወደ መተላለፊያው ጎተተቻት።

«ፊትሽን አስተካክይ በናትሽ፣ ያስታውቅብሻል።»

«አቤቱታው ላይ ምስክር ብለው ስምሽን አስገቡት እኮ።»

«ያስገቡት። ምን አጣለሁ?»

«ማዘጋጃ ቤቱ መቼ ምን እንደቀየረ ይመዘገባል፣ ማይከን። አንዴ ከፍተው ያዩታል፣ አለቀ። ከዚያ ደሴቷ በሙሉ ውሸታም ልትባል ነው።»

ማይከን የመተላለፊያውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋች። «እሺ ብትናገሪስ? የፈሰሰ ውኃ ሊታፈስ? አቤቱታውም ዛሬውኑ ይቀራል፣ አንቺም እስክታረጂ ትምህርት ቤት ያስዘጋችው ልጅ ትባያለሽ። ካላንደሩን ብቻ እንዳትነኪው። የቀራቸው ማስረጃ እሱ ነው።»

ሱኒቫን ያስፈራት ማይከን ልክ መሆኗ ነበር። ቢናገሩም ባይናገሩም ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ደሴት ላይ ግን በኅዳር ንጋቱ ራሱ ልጆች ክፍል ከገቡ በኋላ ነው የሚመጣው።

ብቻዋን ወደ ሙዚቃ ክፍሉ ገባችና ላፕቶፗን ከፈተች። ጥሩምባዎቹ በየሣጥናቸው ተደርድረዋል። ፊደሏን ለማጥፋት አንድ ጊዜ መጫን በቂ ነበር፤ ተጫነችው። ካሁን በኋላ አንዳንዱ ስልክ ዛሬ፣ አንዳንዱ ነገ፣ በዝምታ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመለሳል፤ ሰዉም አፍጦ እያየ የገዛ ትዝታውን ይጠራጠራል። እንዲህ እንዲሆን ደግሞ አልፈለገችም። ስልኮቹ ሳይቀድሟት ደርሳ ራሷ ማሳወቅ ነበረባት።

ወደ ጂምናዚየሙ ስትመለስ ኦታር እንዳያት አጠገቡ ወንበር ሳበላት። «መጣሽልን፣ የኔ ልጅ። አንቺ ጽሑፍ ታውቂያለሽ፣ መጨረሻውን አሳምሪልን።» ከዚያ ምሽት ወዲህ ፊቱ እንዲህ በርቶ አላየችውም ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳመማት ይህ ነው። ማይከን በሩ ላይ ቆማ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«ኦታር፣ እስኪ ካላንደሩን ክፈተው» አለች ሱኒቫ። እዚያ ደሴት ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚሉት። «በጣትህ ወደ ታች ሳበው፣ እንዲታደስ።»

«ምን አዲስ ነገር አለ ብለሽ ነው?» አለ ኦታር፤ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጣቱን ስልኩ ላይ አሳረፈ።

ሱኒቫ ከወንበሯ አልተነሣችም። እስኪያነበው ጠበቀችው።