የዶፍ አቻ

በሰንዳር አምባ ላይ ንጋትን የሚያበስረው የፈረሶች ማሽካካት ነው። በዚያ ማለዳ ግን አንድም ፈረስ አላሽካካም። የቤተ መንግሥቱ ባልደራስ ጓንጉል የበረቱን በር ገፍተው ሲገቡ፣ ድንጉላውም ባዝራውም ገብሱን ሳይነካ፣ ጋማው በላብ ተጣብቆ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ቆሟል። በመጨረሻው ጋጣ አምባላይቱ ባዝራ ወልዳ ነበር። ውርንጭላው ዓይኑን እንደ ከፈተ ሞቷል።

የሞተው እሱ ብቻ አልነበረም። ንጉሥ ደረሶ ካረፉ ወዲህ በአገሩ ተወልዶ በሕይወት የቆየ ውርንጭላ አልታየም። የንጉሡ ፈረስ ዶፍ፣ የሰንዳር ፈረሶች ሁሉ አባት፣ ጌታው በተቀበሩ ዕለት ልጓሙን በጥሶ፣ በምዕራቡ በር ወጥቶ ወደ ጉም አገር ገባ። የዚያ ዘር ድንጉላ የሦስት ነገሥታትን ዕድሜ ይኖራል። እሱ ወደ ሄደበት ግን የዘሩም ሕይወት ይከተለዋል።

ሰንዳርና ጎረቤቷ ታሬማ ጦርነትን በመሐላ ከተዉ ዘመናት አልፈዋል። የአብዚር ወንዝ ወደ ማን እርሻ እንደሚፈስ በየትውልዱ የሚለየው በጉግስ ሜዳ ነው። የትውልዱ ጉግስ ቀርቧል፤ ሰንዳር የምታሰልፋቸው ፈረሶች ግን ጉልበታቸው ያለቀ፣ ጥርሳቸው የረገፈ ነበሩ።

የደረሶ ልጅ ንግሥት አልጣሽ መኳንንቱን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦ «አባቴ ዙፋናቸውን ትተውልኝ ሄዱ፤ ፈረሳቸው ግን ሐዘናቸውን ይዞ ሄደ። ዶፍ ካልተመለሰ በመጀመሪያ ውኃችንን፣ ቀጥሎም ስማችንን እናጣለን። የጥንቱ ቃል፣ የኮበለለውን ድንጉላ የሚመልሰው አቻው ብቻ ነው ይላል። አቻውን የሚያውቅ ይነሣ።»

የንግሥቲቱ ወንድም ልዑል ናደው ተነሣ። በጉግስ የሚስተካከለው አልነበረም፤ የገዛ ፈረሱ በእርጅና ከሞተበት ወዲህ ግን በእግሩ ይሄድ ነበር። «የአባቴ ፈረስ ነው» አለ። «አቻው እኔ ካልሆንሁ ማን ይሆናል?»

ንግሥቲቱ ከመኳንንቱ ኋላ ወደ ቆመች አንዲት ቀጭን ሴት ተመለከቱ። «አቻ ፈላጊዋ ትናገር።»

«ንግሥት ሆይ፣ ፈረሱን ሳልነካው አላውቅም» አለች ትርንጎ። «ሰው ብቻውን አቻ አይባልም።»

«እንግዲያው ሄደሽ ንኪው።»

ትርንጎ ተንበርክካ፣ «በንጉሥ ደረሶ እርካብ እምላለሁ፤ ዶፍን ሳልይዝ የሰንዳርን በር ተመልሼ አልረግጥም» ብላ ማለች። ያን ያህል ቃል በሰው ፊት ከተናገረች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

ትርንጎ ፈረስን ከጋላቢው የሚያጣምረው ቤት የመጨረሻዋ ልጅ ነበረች። አንድ እጇን በፈረሱ አንገት፣ ሌላውን በሰውየው የእጅ አንጓ ላይ አኑራ ዓይኗን ስትጨፍን ሁለቱ የልብ ምቶች ይሰሟታል። ችኩል ፈረስ ለችኩል ሰው አይሰጥም፤ ሁለቱም ገደል ይገባሉ። ፈሪ ፈረስም ከጀግና ይልቅ ፍርሃትን የሚያውቅ ሰው ቢሰጡት ይበረታል። ምቶቹ ተጠጋግተው አንድ ሲሆኑ፣ «ይስማማሉ» ትላለች። ያን ጊዜ ፈረሱም ሰውየውም ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ሜዳው ይወርዳሉ።

የቤቱ ሕግ፣ አቻ ፈላጊ የራሷ ፈረስ አይኖራትም ይላል። የራሷን ምት የሰማች ጆሮ የሌላውን አትሰማም ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ውርንጭሎችን በገመድ ይዛ በዙሪያዋ እያስሮጠች ሶምሶማና ሽምጥ ታስተምራለች እንጂ አንዱም ላይ ወጥታ አታውቅም። በሰንዳር ሰው ሁሉ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ እሷ ግን ትርንጎ ብቻ ነበረች። እናቷ ከሞተች በኋላ ከበረቱ ጀርባ ባለችው ጎጆ ብቻዋን ቀረች። አመሻሽ ላይ ጋላቢዎቹ ለፈረሶቻቸው የሚያንሾካሹኩትን በግድግዳው በኩል ትሰማለች። የሚያንሾካሹኩት ለእሷ አልነበረም፤ ቢሆንም እስኪጨርሱ ድረስ እራቷን አታቀርብም።

ትርንጎ፣ ናደውና ባልደራስ ጓንጉል ወደ ምዕራብ ወጡ። ሁለቱ በበቅሎ ሲሄዱ እሷ በእግሯ ሄደች። ጓንጉል ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ልጄ፣ በቅሎ እኮ ፈረስ አይደለችም» ቢሏት፣ «ጀርባ ጀርባ ነው አባባ» አለቻቸው።

በሰገር ገደል ጥግ ሲያልፉ ክንፋቸው እንደ ድንኳን የሰፋ አሞሮች ከላይ ወረዱባቸው። ናደው በጠባቡ መንገድ ላይ ቆሞ በጦሩ ሲከላከል አንዱ ትከሻውን ሰነጠቀው። እሱ ግን ሁለቱ እስኪያልፉ ድረስ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ከገደሉ ማዶ ትርንጎ ቁስሉን አጥባ ስታስርለት ናደው ጠየቃት።

«ለራስሽ ፈልገሽ ታውቂያለሽ?»

«በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ልዑል።»

«ሕጉን አልጠየቅሁሽም።»

ትርንጎ ማሰሪያውን አጠበቀች። እስከዚያ ድረስ ስለ ፈረስ እንጂ ስለ ራሷ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መንገዱ ሳይመሽ ማለቅ አለበት አሉ። ተነሥተው ሄዱ።

የጉም አገር ድምፅ የሌለበት ሜዳ ነው። ሣሩ ግራጫ ነው፤ ሲረግጡትም አይንኮሻኮሽም። በመካከሉ ዘንጋ የሚባለው ወንዝ እንደ ወተት ነጥቶ ይፈስሳል። ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ሲሻገሩትም ምንም አልሆኑም። ከማዶ ዶፍ ቆሞ ነበር። ቀለሙ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ራሱን ወደ መሬት ደፍቷል። በእግሮቹ ዙሪያ ከጉም የተሠራ ዓይን የለሽ እባብ ተጠምጥሟል። ሐዘንን እየተመገበ የሚኖረው ዋሮ እርሱ ነው።

ናደው ሰይፉን መዞ ዋሮን ቆረጠው። የተቆረጠው ጉም መልሶ ገጠመ። ናደው ሰይፉን ጥሎ ወደ ፈረሱ ተጠጋና የአባቱን ስም ጠራ። ዶፍ ራሱን አነሣ፤ አሸተተው፤ ከዚያ ጀርባውን አዙሮ ከበፊቱ ይልቅ ተንቀጠቀጠ።

ትርንጎ በሁለቱ መካከል ቆማ እጆቿን ዘረጋች። የናደው ምት ትኩስና ፈጣን ነበር። የዶፍ ግን ይጀምራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።

«አይስማሙም» አለች።

«የአባቴ ልጅ ነኝ እኮ» አለ ናደው።

«ስለዚህ ነው። እርስዎን ባየ ቁጥር እሳቸው እንደ አዲስ ይሞቱበታል።»

ጓንጉልም ሞከሩ፤ ምታቸው ደክሞ ነበርና አልሆነም። ትርንጎ የሽማግሌውን እጅ ለቀቀች። የፈረሱን አንገት ግን ገና አልለቀቀችም ነበር። ያን ጊዜ ከዶፍ ምት ጎን ሌላ ምት ሰማች። እሱ ሲቆም ይጠብቀዋል፤ ሲጀምር አብሮት ይጀምራል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ዙሪያዋን ተመለከተች። ከዚያ እጇን ከፈረሱ አንገት ቶሎ አነሣች።

«ምን ሰማሽ?» አሉ ጓንጉል።

«ምንም።»

«እናትሽንም አውቃት ነበር፤ እሷም መዋሸት አትችልም ነበር። ምን ሰማሽ ልጄ?»

«የእኔን» አለች ትርንጎ። «የእኔን ነው የሰማሁት አባባ። ሕጉስ?»

«ሕጉ የወጣው ለፈረሶች ተብሎ ነው። ፈረሶቹ ካለቁ ለማን ልትጠብቂው ነው? በይ ውጪበት።»

ጋማውን ይዛ ወጣች። ኮርቻ አልነበረም። የጀርባው ሙቀት በእግሮቿ በኩል እስከ ደረቷ ሲወጣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን ያህል በርዷት እንደኖረ አወቀች። ዶፍ በረጅሙ ተነፈሰና አንድ እግሩን ከጥምጥሙ አወጣ።

ዋሮ ቀና አለ። ድምፁ የብዙ ሰዎች ለቅሶ ይመስላል። «ውሰጂው፤ አቻው ነሽና አልከለክልሽም። ነገር ግን ከዚህ ሐዘንተኛ ይዞ የሚወጣ ለወንዙ ግብር ይከፍላል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሌላውን ትረሳላችሁ። የተበጠሰው ክርም በሁለታችሁ መካከል ዳግም አይቋጠርም። አንቺ ከረሳሽ እሱ ያስታውሳል። እሱ ከረሳ የወደደው ሁሉ ከልቡ ይጠፋል፤ የሞተውም፣ አንቺም። ምረጪ።»

«እኔ ልክፈል» ብሎ ናደው ወደ ፊት ራመደ። ዋሮ ግን ወደ እሱ አልዞረም።

ትርንጎ በፈረሱ ጋማ ውስጥ ጣቶቿን ሰድዳ አሰበች። ሐዘን የያዘው ፈረስ መኖ እንደማይበላ፣ ከባዝራም ጋር እንደማይሆን ታውቃለች። ዶፍ አንድ ጊዜ ጌታውን አጥቶ አገር ጠፋ፤ እሷ ሳታውቀው በአጠገቡ ብታልፍ ሁለተኛ ያጣል፤ ወደዚህም ይመለሳል። ሰው ግን ሐዘኑን ይዞ ሥራውን ይሠራል። እሷ ይህን ስትሠራ ነው የኖረችው።

«እሱ ይርሳ» አለች። «እኔ እይዝለታለሁ። ከመሻገራችን በፊት ግን ሜዳውን አንድ ጊዜ እንዙር።»

ዋሮ ከፈረሱ እግር ሥር ተፈታ። ዶፍ በሶምሶማ ጀመረ፤ ከዚያ ሳታዘው ሽምጥ ሄደ። ሌሎች ስለ ግልቢያ ሲያወሩ ሁልጊዜ ስለ ፍጥነት ነበር የሚያወሩት። ለእሷ ግን ፍጥነቱ አልነበረም። ወደ ግራ ልታጠፈው ስታስብ ታጥፏል፤ ልትስቅ ስትል ጆሮዎቹ ወደ እሷ ዞረዋል። ያሰበችውን የሚያውቅ ሌላ ፍጡር በዓለም ላይ ነበረ። ጓንጉል ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ወንዙ መካከል ሲደርሱ ምቱ ከምቷ መራቅ ጀመረ፤ እየራቀ የሚሄድ ሰው ኮቴ ይመስል ነበር። አንገቱን አቅፋ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው፤ ምን እንዳለችው ለማንም አልተናገረችም። ዳርቻውን በረገጠ ጊዜ ዶፍ ደንግጦ ዘለለ፤ በጀርባው ላይ የማያውቀው ሰው ነበረ። ትርንጎ ወደ ድንጋዩ ወደቀች። ፈረሱ ዞሮ አያት፤ እሷንም ድንጋዩንም በአንድ ዓይን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሣር መጋጥ ጀመረ።

ሰንዳር ሲደርሱ ሕዝቡ ከበር እስከ አደባባይ ቆሞ ነበር። ንግሥቲቱ በሁሉ ፊት፣ «አሁን አቻው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ትርንጎ ጆሮዋ ጠፍቶ እንደሆነ ፈርታ ነበር። እጇን በዶፍ አንገት፣ ሌላውን በናደው አንጓ ላይ አኖረች። የዶፍ ምት ሙሉና ጤነኛ ሆኖ ተሰማት። የናደውም ተሰማት። ሁለቱ ተጠጋጉ፤ ተነካኩ፤ አንድ ሆኑ። ዶፍ ከእንግዲህ በናደው ፊት ላይ ሟች ጌታውን አያይም ነበር። አይስማሙም ብትል ዶፍ ያለ ጋላቢ በረት ይቀራል፤ በየቀኑ መኖ እያቀረበች ልታየው ትችላለች። የሚያውቅባት አልነበረም።

ናደው ጎንበስ ብሎ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ፣ «አልወጣበትም። የአንቺ ነው» አለ።

«ነበረ» አለችው። «ብዋሽ እሱም እርስዎም ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ብቻ መቅረት ምን እንደሆነ ከእኔ ይስሙ፣ ልዑል። ይውጡ።» ከዚያ ራሷን አቅንታ ሕዝቡ እስኪሰማ ድረስ፣ «ይስማማሉ» አለች።

እስከ ጉግሱ ቀን ድረስ ናደውን አስተማረችው። ዶፍ በሚታጠፍበት ጊዜ ጋላቢው ጉልበቱን ሲያጠብቅበት እንደማይወድ፣ ልጓሙ ላልቶ ሲያዝ ከሁሉ እንደሚፈጥን ነገረችው። ይህን ሁሉ በአንዲት ግልቢያ ነበር ያወቀችው። በጉግሱ ሜዳ የታሬማ ፈረሰኞች ዘንጎቻቸውን በወረወሩ ቁጥር ዶፍ ከሥራቸው እየሾለከ አለፈ፤ ናደውም አለቃቸውን አሳድዶ በጋሻው ላይ መታው። ያረጁት የሰንዳር ፈረሶችም አባታቸውን ተከትለው እንደ ጎረምሳ ሮጡ። የአብዚር ውኃ ለሰንዳር ተፈረደ። ሕዝቡ ናደውን «አባ ዶፍ» ብሎ ጠራው። ትርንጎ ስሙን ከሩቅ፣ ከቅጥሩ ሥር ሆና ሰማች።

ንግሥቲቱ ስለ ውለታዋ ሕጉን ሻሩላትና ከበረቱ የወደደችውን እንድትመርጥ ፈቀዱላት። ትርንጎ አመስግና እጅ ነሣች። በየጋጣው እየገባች አንድ እጇን በፈረሱ አንገት፣ ሌላውን በገዛ አንጓዋ ላይ አኑራ ዞረች። ሁሉም ደጎች ነበሩ። ማንንም ሳትመርጥ ወጣች።

በዓመቱ አምባላይቱ ባዝራ እንደገና ወለደች። ትርንጎ በገለባው ላይ ተቀምጣ ውርንጭላውን በጨርቅ ስታሸው ሳንባው ተከፈተ፤ አስነጠሰ፤ በተንቀጠቀጡ እግሮቹ ሊቆም ታገለ። ናደው ከሜዳ ሲመለስ ወሬውን ሰምቶ ዶፍን እየመራ ወደ ጋጣው በር መጣ። ዶፍ አንገቱን ከትርንጎ ትከሻ በላይ ዘረጋ። ትንፋሹ አንገቷን ነካው፤ በዚያው ለጥቂት ጊዜ ቆየ።

ናደው፣ «አወቀሽ?» አላት።

«አላወቀኝም» አለች ትርንጎ ቀና ሳትል። «ልጁን ሊያይ ነው የመጣው።»

እንዲያይም ትንሽ ዘወር አለችለት።