ከእሳት የወጣ ሰው ሻይ አያዞርም

ፊደል አልቆጠርኩም። ታዲያ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም የሌለው ይመስላቸዋል። አፌን በከፈትኩ ቁጥር የእህቴ ልጅ የሱፍ «አክስቴ፣ ይሄ የእርስዎ ነገር አይደለም» ይለኛል። በዚህ ቃል ሰው ሊሞትብን ነበር። ዛሬ የሰፈራችን ልጅ ሃፍሳ እየጻፈችልኝ ነው፤ ስሙኝ።

የሱፍ እዚህ ካምፓላ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ የፍራሽ መጋዘን ነበረው። በኮሮናው ጊዜ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከኤሌክትሪክ ገመድ እሳት ተነሳ። ከወሎ ያስመጣው ሠራተኛው ኡዋይስ አፉን በሻርፕ አስሮ እየተመላለሰ ገባና ፍራሹን ግማሹን አወጣ። ስፖንጅ ሲቃጠል ጭሱ ሬት ነው። ልጁ ሲወጣ ምራቁ ጥቁር ነበር።

በማግስቱ እንደ ልማዳችን ሰው ሊያጽናና መጣ። ማንን? የሱፍን! ኦልድ ካምፓላ ያለው ቤቱ በሰው ሞላ። እሱ ትራስ ተደግፎ «አይዞህ፣ አላህ ይተካልሃል» ይባላል። ሻዩን የሚያዞረውስ? ኡዋይስ!

«ጀግናው!» ይሉታል ብርጭቆ እያነሱ። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠው ነበር!»

ጀግና የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ አሞኛል ይላል? ሳሉ ሲመጣበት ወደ ጓሮ ይሮጣል። ያኔ ደግሞ የሳለን ሁሉ ኮሮና አለበት እያለ ሰው ይሸሸው ነበር። ተከተልኩት። ግድግዳ ተደግፎ ያቃስታል።

«ማታ ተኝተሃል?»

«ዓይኔን ስጨፍን እሳቱ ይመጣብኛል፣ እማማ።»

«ታዲያ ለየሱፍ አትነግረውም?»

«ንብረቱ ተቃጥሎበት እኔ ስለ እንቅልፌ ላውራው? ያስመጣኝ ሰው እኮ ነው። ነውር ነው።»

«መሞቱስ ነውር አይደለም?»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳሉ ቀደመው።

ገብቼ በእንግዶቹ ፊት ለየሱፍ ነገርኩት።

«ልጁ ጠንካራ ነው፣ አክስቴ። ቁጭ ካለ ያስባል፤ ሥራ ያስረሳዋል» አለኝ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ባለሬስቶራንቱ አድማሱም «እማማ አስያ፣ ደግሞ ሐኪም ሆኑ?» ብሎ ቤቱን አሳቀው።

ሳቁ ሳያልቅ ኡዋይስ ከነትሪው በሩ ላይ ወደቀ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትንፋሹ ያፏጫል። ቅድም «ጀግናው!» ያሉት ሰዎች «ኮሮና ነው!» እያሉ ዘለውት ወጡ። አዎ፣ ዘለውት! አድማሱም ጫማውን ሳያገኝ ሮጠ።

እኔና የሱፍ ተሸክመን በመኪና ኪቡሊ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሟ «ጭሱ ሳንባውን ጎድቶታል፤ የዚያኑ ዕለት መምጣት ነበረበት» አለች። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተሰክቶ ብዙ ቆየ። ዛሬም ዳገት ሲወጣ መሀል ላይ ይቆማል።

የሱፍ ሆስፒታሉ ደጅ ላይ አለቀሰ። «አላየሁትም፣ አክስቴ» አለኝ።

«እንዴት ታየዋለህ? ትሪውን ነበር የምታየው!»

እናንተም ቤታችሁ ገብታችሁ አስቡት። አደጋ ሲደርስ ባለንብረቱን ከባችሁ ታስተዛዝናላችሁ፤ እሳቱ ውስጥ የገባውን ግን ሻይ አምጣ ትሉታላችሁ። አንተም ሠራተኛው፣ የአሳዳሪህ ውለታ በሳንባህ አይከፈልም። አሞኛል ማለት ክህደት አይደለም።

ትናንት አዲሱ መጋዘን ሄድኩ። ኡዋይስ ፍራሽ ተሸክሞ፣ በአንድ እጁ ደረቱን ይዞ፣ ምንም እንዳላመመው ሰው ይስቃል። የሱፍም እዚያው ቆሟል።

«ኡዋይስ፣ አውርደው» አልኩት። «እኔ አልናገርልህም፤ ተናግሬ አይቼዋለሁ። በገዛ አፍህ፣ ዓይኑን እያየህ ‹ደክሞኛል፣ ዛሬ አርፋለሁ› በለው። የሱፍ፣ አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ስማ። በል ኡዋይስ፣ ተናገር!»